የእማሆይ መብራት

መቶ አለቃ አምሐ ወደ ክፍሉ ሲገባ ከሬሳው በፊት የተቀበለው ሽታው ነበር። የሬሳ ሽታ አይደለም፤ ሰውየው ከሞተ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም። የአይጥ ሽንት፣ የረጠበ ጆንያና እንደ ከረመ ወተት ያለ ጣፋጭ ነገር ባንድ ላይ ተቀላቅለው ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ሆነዋል። አምሐ በሃያ ዓመት የፖሊስ አገልግሎቱ ከጣና የወጣ አስከሬን ገልብጦ ያየ ሰው ነው። ያም ሆኖ የዚህን ቤት አየር አልቻለውም። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ መጋቢት 1977 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ቤቱ ከሐይቁ ዳር የማይርቅ፣ ቀበሌ የሚያከራየው ቤት ነው። ሬሳው መስኮት በሌላት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ከአምፖሉ በታች በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ አንድ በርጩማ ተገልብጧል፤ ካቻቢቴውም እዚያው ወድቋል። ሟቹ መርስዔ ኀዘን ይባላል። በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በእሑድ እሑድ ደግሞ ለጎረቤትና ለቤተ ክርስቲያን ሰው በነፃ ይጠግናል።

«ያሳዝናል፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቤቱ ባለቤት አስማማው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ በከተማው የአንድ እርዳታ መጋዘን ኃላፊ ነው። ካኪ ኮቱ ተተኩሷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። «አምፖሉን ሲነካ ይዞታል። ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል? ቶሎ ቢነሳልን ደግ ነበር። እንግዶች ነበሩን።»

አምሐ ወደ ሬሳው ቀረበ። ጎንበስ ብሎ የሟቹን እጆች ገለጠ። በሁለቱም እጆች፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ ላይ፣ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት አለ። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አምፖሉ የሚገባበት ፖርታላምፓዳ ክዳኑ እንደጠበቀ ነው፤ ማንም አልፈታውም።

የሟቹ ፊት ታጥቧል። ከጆሮው ጀርባ ግን የሸረሪት ድር ተጣብቋል። የሱሪው ጉልበቶች ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት አለ። አምሐ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው። ጣፋጭ ነው። የወተት ዱቄት መሆኑን እንዳወቀ ወደ በሩ ሄዶ ተፋው።

አብሮት የመጣው አስር አለቃ አዘዘ «ምን ሆኑ?» አለው።

«ምንም። የቱታውን ደረት ፍታልኝ።»

አዘዘ ቁልፎቹን ፈታ። ከቱታው ሥር፣ ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ አንድ የሸክላ ፊውዝ ወጣ። አምሐ ፊውዙን በመሐረቡ ጠቅልሎ ያዘው። በዚህ ጊዜ ከኮርኒሱ በላይ አንዳች ነገር ተንኮሻኮሸና መብራቱ ድርግም አለ። ማንም ማብሪያውን አልነካም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና በራሱ በራ።

«አየህ?» የሚል የአሮጊት ድምፅ ከበራፉ መጣ። «ይኸው ነው። ይኸው ነው ልጄን የፈጀው!»

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ናቸው፤ የአስማማው ሚስት የወይዘሮ ሰገነት እናት። ክፍሏ የእሳቸው ናት። አምሐ ክንዳቸውን ይዞ በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው።

«መብራቱ ምን ሆኖ ነበር፣ እማሆይ?»

«እየጠፋ ነዋ! አብርቼ ዳዊቴን እከፍታለሁ፤ ገና ገጹን ሳልገልጥ ድርግም ይላል። ቆይቶ ደሞ በራሱ ይመጣል። እነ ሰገነት ‹ዓይንሽ ነው፣ እርጅና ነው› ይሉኛል። ጠበል ረጨሁበት፤ አልተወኝም። ከላይ ሰይጣን ሲሯሯጥ ይጠፋል፤ ጸጥ ሲል ይመጣል።»

«ከዚያስ?»

«መርስዔን ቤተ ክርስቲያን አገኘሁትና ነገርሁት። የዛሬ ሁለት ሳምንት መጥቶ አምፖሉን ለወጠ፤ በማግሥቱ ጠፋ። ባለፈው እሑድ ማብሪያውንም ሌላውንም ፈታቶ አጠበቀ፤ እሱም አልበጀ። ‹እንግዲህ የቀረው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሽቦ ነው፤ መውጣት አለብኝ› አለኝ። ሰገነት ሰማችና ‹ምንም አትነካካ፤ በፋኖስ ትጸልይ› ብላ መለሰችው።» እማሆይ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዛሬ ቤቱ ጭር ሲል ና ብዬ በድብቅ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ሲመጣ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ግድም። እኔ ከበራፉ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። እሱ መብራቱን ከጓሮ አጥፍቶ፣ በኮሪደሩ በኩል በመሰላል ወጣ። ሲያንኳኳ ቆየና ‹እግዚኦ!› አለ። ሁለት ጊዜ ‹እግዚኦ!› አለ።»

«ያን ጊዜ መብራቱ መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ጨለማ ነበር! ከዚያ በኋላ ነው ቦግ ያለው። እልል አልሁ። ወዲያው ከላይ ዱብ የሚል ሰማሁ። መርስዔ ብዬ ብጠራ መልስ የለም። ጨርሶ በጓሮ የሄደ መሰለኝና፣ ላመሰግን ወደ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ስመለስ ለቅሶ!»

አምሐ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ኮርኒሱ በጋዜጣ ተለጥፏል፤ አብዛኛው በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። በመካከሉ ግን አንድ አራት ማዕዘን ቦታ አዲስ ጋዜጣ ለብሷል። አምሐ በአዘዘ ትከሻ ላይ ወጥቶ በጣቱ ሲነካው ሙጫው እርጥብ ነበር።

«ይህን ማን ለጠፈው?»

ወይዘሮ ሰገነት ከሳሎኑ ብቅ አለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጇን ሁልጊዜ በቀሚሷ የምትጠርግ ሴት ናት። «እሱ ራሱ ነው፤ መርስዔ። ሥራውን ሲጨርስ መልሶ ለጠፈው፤ ከዚያ አምፖሉን ሊሞክር ሲል ነው የያዘው።»

«እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«የቀበሌው ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ቆሜ፣ ስኳሩ አለቀ ተብሎ ባዶዬን ተመለስሁ። ስገባ ወድቆ አገኘሁት።»

«ሰልፉ ረጅም ነበር?»

«እስከ መንገዱ ድረስ!»

አምሐ አመስግኗት አስማማውን ለብቻው ግቢ ውስጥ አነጋገረው።

«እኔ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት የቀበሌው ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ አስማማው፤ ደረቱን ነፍቶ። «ስለ ድርቁ ነበር። ንግግር ያደረግኩትም እኔ ነኝ። መዝገቡን ይመልከቱ። ቀበሌያችን በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ሱቁ ሳይቀር ተዘግቶ፣ ሻጯ እሌኒ ራሷ የስብሰባው በር ላይ ቁጭ ብላ ስም ስትመዘግብ ነበር።»

«ሱቁ መቼ ተከፈተ?»

«እሑድ አይደል? በዚያው ተዘግቶ ዋለ።»

አምሐ ደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ።

በጓሮ በኩል በምትገኘው ሰርቪስ ቤት የሚኖረው ክንዱ የሰገነት የአክስት ልጅ ነው። በፋብሪካ ሸማኔ ሆኖ በፈረቃ ይሠራል። ከበሩ አጠገብ በሣፋ የተቀመጠ ዓሣ ዝንብ ወሮታል። ሆዱ አልተቀደደም፤ ዓይኑ ነጥቷል። አምሐ ፊቱን አዞረ።

«ዓሣውን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ። ከሐይቁ ዳር ገዝቼ።»

«ከሰዓት በኋላ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ተኝቼ ሬዲዮ እሰማ ነበር። በመሀል ጸጥ አለ። መብራት ሄደ ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ዓሣ ልገዛ ሄድሁ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ቢሆን ነው። የስምንት ተኩሉ ፕሮግራም ገና መጀመሩ ነበር።»

«በራስህ ሐሳብ ነው የሄድኸው?»

ክንዱ ወደ ትልቁ ቤት አየ። አምሐ አልገፋፋውም። «አሁንስ መብራት አለህ?»

«የለኝም። እስካሁን አልመጣም።»

አምሐ የትልቁን ቤት በር አየ። አምፖሉ ወለል ብሎ በርቷል። በትልቁ ቤትና በሰርቪሱ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቆጣሪውና የፊውዝ ሳጥኑ ተሰቅለዋል። ከፈተው። የፊውዝ ቦታው ሁለት ነው። ‹ትልቁ ቤት› የሚለው ሞልቷል፤ ‹ሰርቪስ› የሚለው ባዶ ነው።

አስር አለቃ አዘዘን በር ላይ አቁሞ፣ ማንም ዕቃ እንዳያወጣ ትእዛዝ ሰጠ። ሬሳውን አስነሥቶ እሱ ራሱ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ፤ ይህን መርዶ ሌላ ሰው እንዲነግር አልፈለገም።

የመርስዔ ሚስት ባንቺአየሁ መርዶውን ሰምታ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። በመጨረሻ ቀና ብላ «በመብራት ነው ትለኛለህ?» አለችው። «አይሆንም። መርስዔ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ሽቦ አይነካም። እኔ እንኳ ስስቅበት ‹ቁልፉ ኪሴ እስካለ ድረስ ማንም አይከፍትብኝም› ይለኝ ነበር።»

አምሐ በመሐረብ የጠቀለለውን አሳያት። በሁለት እጇ ያዘችው።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። አስማማውና ሰገነት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እማሆይ በግድግዳው ጥግ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ክንዱ ቆሟል። ባንቺአየሁ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሽታው ሌሊቱን ብሶበታል።

አስማማው ሰዓቱን አየ። «ጓድ፣ መጋዘኑ ይጠብቀኛል። የተራበ ሕዝብ አለ።»

«አለ» አለ አምሐ። «ብዙ አላቆይዎትም። መርስዔ ኀዘን የሞተው ከአምፖሉ ሥር አይደለም። ፖርታላምፓዳው አልተፈታም። ቃጠሎው በሁለቱም እጆቹ ጣቶች ላይ ነው፤ ሁለት የሽቦ ጫፍ ይዞ ሲያጋጥም የነበረ ሰው እንጂ በርጩማ ላይ ቆሞ አምፖል የነካ ሰው እንዲህ አይቃጠልም። እማሆይም የመውደቅ ድምፅ የሰሙት ከላይ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሞቶ፣ በኋላ ወርዶ፣ ፊቱ ታጥቦ እዚያ ተኛ።»

«ማን ያወርደዋል?» አለች ሰገነት።

«እደርስበታለሁ። መርስዔ ሳይወጣ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከቷል። እዚህ ነው፤ ባለቤቱ አውቃዋለች። ፊውዙ ኪሱ ውስጥ እያለ ግን የቤቱ መብራት ቦግ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ሌላ ፊውዝ አስገብቷል ማለት ነው። ከየት አመጣው? ክንዱ፣ ሬዲዮህ ስንት ሰዓት ላይ ነበር ጸጥ ያለው?»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።»

«እማሆይ፣ የእርስዎ መብራት ሲመጣ የክንዱ ሬዲዮ ይሰማ ነበር?»

እማሆይ አሰቡ። «ቀድሞ ይጮህ ነበር። ዝም አለና ወዲያው መብራቴ መጣ። ጸጥታው ትዝ ይለኛል፤ እልልታዬ ብቻውን ነበር የተሰማኝ።»

«የከተማው መብራት ሄዶ ቢሆን የእማሆይ አይመጣም ነበር። የአንዱ ጠፍቶ የሌላው የበራው፣ ከሰርቪሱ ቦታ ተነቅሎ ትልቁ ቤት ላይ ስለተሰካ ነው። የሰርቪሱ ቦታ አሁንም ባዶ ነው፤ ተመልከቱት። ይህን ያደረገ ሰው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን መተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር።»

«እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ አስማማው ፈጥኖ።

«ነበሩ። መዝገቡን አይቻለሁ። ንግግርዎንም ነግረውኛል። ሱቁ ተዘግቶ እንደዋለም ነግረውኛል።»

ሰገነት እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ወይዘሮ ሰገነት ግን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በዚያው በተዘጋ ሱቅ ደጃፍ የስኳር ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። ሻጯ ስብሰባው ላይ ስም ስትመዘግብ ማን ሰልፍ ያዘ?» አምሐ ወደ ክንዱ ዞረ። «ዓሣ ግዛ ያለህ ማን ነው?»

ክንዱ ላቡ በግንባሩ ወረደ። «እሷ ናት» አለ። «ሬዲዮው ሲጠፋብኝ ስወጣ መተላለፊያው ላይ አገኘኋት። ‹መብራት በከተማው ሁሉ ሄዷል፤ ዓሣ ይዘህልኝ ና፣ ጊዜ ወስደህ ምረጥ› አለችኝ። ትናንት ደግሞ ‹እንዳየኸኝ እንዳትናገር፤ ከስብሰባ ቀርቼ ነው፣ ይቀጡኛል› አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ወንድሜ ይሙት፣ ምን አውቃለሁ!»

«ሰገነት?» አሉ እማሆይ በቀጭን ድምፅ።

«ሐሰት ነው! ለምን ብዬ? ያ ደሀ ምን አደረገኝ?»

«ምንም አላደረገዎትም» አለ አምሐ። «ያስገደለው ያስገደለው ያየው ነገር ነው። ‹እግዚኦ› ያለው መብራቱ ሳይመጣ በፊት ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ አይደለም ያስጮኸው። አዘዘ፣ ክፈተው።»

አዘዘ መሰላሉን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ አዲሱን ጋዜጣ በጩቤ ቀደደው። ክዳኑን ወደ ላይ ሲገፋው መጀመሪያ ሁለት ወፋፍራም አይጦች ከላዩ ላይ ዘለው አለፉ። ባንቺአየሁ ጮኸች። ቀጥሎ ከተቀደደ ከረጢት ነጭ ዱቄት እየፈሰሰ ወረደ፤ አብሮት ጥቁር የአይጥ ኩስ ወረደ። ሽታው ሳሎኑን ሞላው። አዘዘ በባትሪ አብርቶ አየና «የወተት ዱቄት ነው። የስንዴ ጆንያም አለ፣ ዘይትም አለ። እስከ ግድግዳው ድረስ ተደርድሯል። ሽቦውን አይጥ በልቶታል» አለ። አንድ ባዶ ከረጢት ወረወረ። በላዩ ላይ በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ በታች ጎድጓዳ ሳህን የያዘ ሕፃን ተሥሏል።

«የመብራቱ ብልሽት ይኸው ነው» አለ አምሐ። «እህል ባለበት አይጥ አለ። አይጡ ሽቦውን ቀረጠፈው፤ ሲሯሯጥበት ይላቀቃል፣ ጸጥ ሲል ይገናኛል። መርስዔ በየደረጃው ፈትሾ ትክክለኛው ቦታ ላይ ደረሰ። ስለደረሰም ሞተ። አቶ አስማማው ከስብሰባ ሲመለሱ ሬሳውን ሁለታችሁ አወረዳችሁ፤ ክዳኑን ለጠፋችሁ። ሰውየው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሞቶ፣ የእሱ ነው የተባለው ሙጫ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እርጥብ ነበር።»

አስማማው ከሶፋው ተነሣ። ከሚስቱ ራቅ ብሎ ቆመ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ ያላወቅኩት ነገር ነው። የገዛ ቤቴ ውስጥ! ይህች ሴት ከመጋዘኑ ሹፌሮች ጋር ተመሳጥራ … እኔ ለአብዮቱ …»

ሰገነት አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣበት። «አንተ ነህ ያሸከምኸኝ» አለች። «ከመጋዘንህ በጨለማ እያመጣህ፣ ‹ዋጋው ገና ይወጣል፣ ቆይ› እያልህ። ትናንት በጓሮ በኩል ስገባ መሰላሉ ቆሟል። ከላይ ‹እግዚኦ› ሲል ሰማሁ። ከተናገረ ትረሸናለህ። እጄ ፊውዙን ሲነቅል እኔ ያሰብሁት ያንተን አንገት ነው። ያንተን!»

«ውሸታም!» አለ አስማማው። ከትከሻው ላይ የወተት ዱቄቱን በጣቱ ጫፍ አራገፈ። አምሐ በዚያች ጣት ላይ ዓይኑ ቀረ። በሕይወቱ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቷል፤ እንዲህ የተጸየፈው ሰው ግን አልነበረም።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «ሰገነት» አሉ። «ጠዋት ጠዋት የምትሰጪኝ ነጭ አጥሚት … ‹ላንቺ ብዬ ከፋርማሲ ገዛሁ› ያልሽኝ …»

ሰገነት አንገቷን ደፋች።

«ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም ብዬሽ ‹ላመመው ተፈቅዷል› አልሽኝ። እኔም ጠጣሁ።» አሮጊቷ በባንቺአየሁ እግር ሥር ሊወድቁ ሲሉ ባንቺአየሁ ያዘቻቸው። እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ወደ ግቢው ወጡና አስመለሳቸው። ባንቺአየሁ ተከትላ ወጥታ ጀርባቸውን ደገፈች። ሁለቱ ሴቶች እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ባልና ሚስቱ ሲወሰዱ እስከ መኪናው ድረስ ይሰዳደቡ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ እህሉ በአይጥ ስለተበከለ ከከተማው ውጭ ተቀብሮ በቃለ ጉባኤ ይፈረም የሚል። አምሐ ራሱ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ አስቀበረ። ቀባሪዎቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ከረጢቱን እየቀደዱ ይደፋሉ። ወሬው እንዴት እንደተሰማ አይታወቅም፤ ከድርቁ ሸሽተው በይፋግ መንገድ ከመጡት ተፈናቃዮች ጥቂት ሰዎች መጥተው በርቀት ቆሙ። ጣሳ ይዘዋል።

አንዲት ሴት ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ቀረበች። ሕፃኑ አያለቅስም።

«ጌታው፣ ወተት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ነበር» አለ አምሐ። «አይጥ በልቶታል፤ ሸንቶበታል። በሽታ ነው፣ እናቴ። አይሆንም።»

ሴትዮዋ ጉድጓዱን አየች። «አይጦቹ ሞቱ?»

«አልሞቱም።»

«እንግዲያስ እኛንም አይገድለንም» አለች። ልመና አልነበረም፤ እሱ ያላሰበውን ነገር እንደምታስረዳው ነበር የተናገረችው።

ቃለ ጉባኤው በአምሐ እጅ ነበር፤ ገና አልፈረመበትም። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አቁሙ!» አለ ቀባሪዎቹን። ኮቱን አውልቆ ለአዘዘ ሰጠው፤ እጅጌውን ሰበሰበ። አይጥ ያልደረሰበት፣ ስፌቱ ያልተነካ ከረጢት ካለ ብሎ፣ ሽታው ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ እያገላበጠ መፈለግ ጀመረ።